ከሚስቴ ወንድም ጋር፣ ጨው ቤት ውስጥ

እኔን ማንም መጥቶ አልያዘኝም። በገዛ እግሬ ሄጄ ነው የገባሁት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሚስቴ የወንድሟን ኢንሱሊን እንዲቀዘቅዝ ካስቀመጠችበት ምድር ቤት አውጥታ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለለችው። ንጹሕ ካልሲ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ጨምራ በጨርቅ ቦርሳ አድርጋ ሰጠችኝ። መንደሩን የያዙት ወታደሮች ወንድሟን ከቤቱ የወሰዱት በዚያው ሳምንት ነበር። የመንደራችን የታሪክ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ከባህል አዳራሹ ጎን ያለችውን ባለ አንድ ክፍል ሙዚየም የሚከፍታትም የሚጠርጋትም እሱ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ሌሎቹ መምህራን ሲሸሹ እሱ ቀረ። ወታደሮቹ ትምህርት ቤቱን እነሱ ባመጡት አዲስ መጽሐፍ ክፈት አሉት፤ አልከፍትም አለ። ከዚያ በላይ የተባባሉትን አላውቅም። የማውቀው የስኳር በሽታው ጊዜ የማይሰጥ መሆኑን ነው።

«አንተ ሂድ» አለችኝ ሚስቴ። «አንተን ምን ያደርጉሃል? የሌላ አገር ሰው ነህ።»

እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ተነስቼ፣ በደርግ ጊዜ የዓሣ እርባታ ልማር ወደ ዩክሬን ተላክሁ። እዚያው ተምሬ፣ እዚያው አግብቼ፣ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። በዲኒፕሮ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች በሚስቴ መንደር የኖርኩትን ያህል የትም አልኖርኩም። ሕፃን ሽማግሌው ያውቀኛል። ወታደሮቹ ግን አያውቁኝም። ይህን አላሰብኩትም።

ወታደሮቹ የሰፈሩት ከመንደሩ ጫፍ፣ ውሃው አጠገብ ባለው በዱሮው የዓሣ ፋብሪካ ነበር። ጉልበቴን የጨረስኩበት ቦታ ነው። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ቦርሳውን በረበረ፣ መታወቂያዬን ገለጠ፣ የትውልድ ቦታዬን ደግሞ ደጋግሞ አነበበ።

«ኢትዮጵያ ተወልደህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እኖራለሁ።»

«ማን ላከህ?»

«ሚስቴ።»

ከጓደኛው ጋር ተያይተው ሳቁ። እውነቱን ነበር የነገርኳቸው። አንደኛው ቦርሳውን ወስዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሌላው ክንዴን ይዞ ደረጃውን አስወረደኝ።

ደረጃውን አውቀዋለሁ። ወደ ጨው ቤት ነው የሚወርደው። ፋብሪካው በሚሠራበት ጊዜ ዓሣው በጨው ተደርድሮ የሚከርምበት ምድር ቤት ነበር። ከተዘጋ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም ሽታው አልለቀቀም። ግድግዳው ያልበዋል፤ ላቡ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይሆናል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር የብረት ፍርግርግ ያለባት የአየር ማስገቢያ አለች፤ በእሷ በኩል ውሃው ዳርቻውን ሲመታ ይሰማል። አንድ ባልዲ፣ ጥቂት የእንጨት ርብራብ፣ ቀንም ሌትም የማይጠፋ አምፖል። በሩን በሥራ ዘመኔ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብዬ ወፍራሙን መርጬ ነበር። ከኋላዬ ሲዘጋ ድምፁን አወቅሁት።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የመንደራችን ትራክተር ነጂ ነው፤ ስልክህ ውስጥ የታንክ ፎቶ ተገኘ ብለው ያመጡት። ሁለተኛው የሚስቴ ወንድም ነበር። ርብራቡ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቷል። ሲያየኝ አልተነሳም።

«መድኃኒቱን ይዘው መጡ?» አለኝ።

«አምጥቼ ነበር። ላይ ቀረ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለና የርብራቡን ግማሽ ለቀቀልኝ።

«ይቀመጡ» አለ።

በነሱም ቋንቋ እንደኛው አንተና እርስዎ አለ። የሚስቴ ወንድም እህቱን ካገባሁበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ሲለኝ ኖሯል። አክብሮት አልነበረም። አንድ ገበታ ቀርበን፣ ድንች አብረን ቆፍረን፣ እናታቸውን አብረን ቀብረን፣ እኔ ያው እርስዎ ነኝ። ከሰው ሲያስተዋውቀኝ «እንግዳችን» ይለኝ ነበር። ሠርጋችን ዕለት ለሚስቴ «ይህ ሰው አንድ ቀን ይዞሽ ወደ አገሩ ይሄዳል» አላት። ይዣት አልሄድኩም፤ እሱም ቃሉን አላነሳም። ሚስቴ በሁለታችን መሃል ቆማ አረጀች።

አሁን ግን አንድ ርብራብ ላይ ነን።

በር እየደበደብን መድኃኒቱን እንጠይቅ ነበር። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እኛ ሦስታችንም ጮኸናል። ብዙ ጊዜ የሚሰማን አልነበረም፤ በሩ ወፍራም ነው። ሲሰሙ ደግሞ አንድ ጠባቂ በጠባቧ ክፍተት ብቅ ይላል።

«ለአለቃ ነግሬያለሁ» ይላል። ሌላ ቃል አልነበረውም። ተራ ሲለዋወጡ የሚመጣውም ይህንኑ ይላል።

ለጥያቄ ወደ ላይ በተወሰድኩ ቁጥር ቦርሳውን አየዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎች አጠገብ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎጣው ገና እርጥብ ነበር። በሚቀጥለው ደርቋል። ዳቦውና እንቁላሉ ወዲያው አለቁ። ካልሲውን ማን እንዳደረገው አላውቅም። መድኃኒቱ ብቻ እንዳለ ነበር፤ በደረቀ ፎጣ ውስጥ፣ በሙቀት። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አንድ ጊዜ ዘርግቼ ነበር፤ ጠባቂው በመሣሪያው አፈሙዝ እጄን ገፋ አደረገው። አልመታኝም። ገፋ ነው ያደረገው፣ ድመት ከገበታ እንደሚገፋ።

ወደ ታች ስመለስ የሚስቴ ወንድም ዐይኔን ብቻ ያያል፤ አይጠይቀኝም።

ቀኑን የምንገፋው በወሬ ነበር። ያስጀመረው ትራክተር ነጂው ነው። በልጅነቱ የሱ ተማሪ ነበር፤ በራሱ አንደበት እንደሚለው ከኋላ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ተማሪ።

«መምህር» አለው አንድ ጠዋት፣ «ስለ ታችኛው መንደር ይንገሩን። ያኔ አልሰማሁም።»

የሚስቴ ወንድም ፈገግ አለ። ከንፈሩ በጨው አየሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ፈገግታው ደም አወጣ። በእጁ ጠረገውና ጀመረ።

ዛሬ መንደሯ ያለችው ዳገቱ ላይ ነው። የዱሮዋ ግን ታች፣ ወንዙ ዳር ነበረች። ከባላባት የሸሹ ገባሮችና ዓሣ አጥማጆች በጀልባ መጥተው የቆረቆሯት። ከእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ አሸዋማው መሬት ላይ ሐብሐብ ዘሩ። ቀጥሎ የረሃቡ ዘመን መጣ። መንግሥት እህሉን ከየጎተራው ጠርጎ የወሰደበት ዘመን ነው። ወንዙ በዓሣ ተሞልቶ ሳለ ዳርቻው ላይ ጠባቂ ቆሞ ነበር። የሚስቴ አያት የደንገል ሥር እየቀቀለች ልጆቿን አተረፈች። በታችኛው ጎዳና ግን እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ሁሉም ያለቁባቸው ቤቶች ነበሩ። ከዚያ ትልቁ ጦርነት፣ ከዚያ ግድቡ።

«ከታች በኩል ግድብ ሲሠራ ውሃው እየመጣ ነው፣ ቤታችሁን አፍርሳችሁ ዳገት ውጡ ተባሉ» አለ። «ሙታኑም ይውጡ ተባለ። ዘመድ ያለው ዘመዱን ቆፍሮ በጋሪ አወጣ። ሕፃን ነበርኩ፤ አባቴ አባቱን ሲያወጣ ቆሜ አይቻለሁ። በሰሌን ጠቅልሎ፣ ቀስ አድርጎ፣ የታመመ ሰው እንደሚይዝ ነበር የያዘው።»

«ዘመድ የሌለውስ?» አለ ትራክተር ነጂው።

«ዘመድ የሌለው ውሃ ሥር ቀረ።»

ላይ በፍርግርጉ በኩል ውሃው ይሰማል። የመንደሩ ሰው ከግድቡ ወዲህ ወንዙን «ባሕር» ነው የሚለው፤ ማዶው አይታይም ነበርና። ስንት ጊዜ በጀልባ ተሻግሬዋለሁ፣ ስንት ጊዜ መረብ ጥዬበታለሁ። ከሥሬ ማን እንዳለ አላውቅም ነበር። ዛሬ ያ ውሃ ራሱ የለም። እኛ ከወጣን በኋላ ግድቡ ፈርሶ ሄዷል፤ ባሕር የነበረው ሜዳ ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል ይላሉ። ያኔ ግን ይሰማ ነበር።

በረሃቡ ከነቤተሰባቸው ያለቁት፣ ቆፍሮ የሚያወጣቸው ያጡ ሰዎች ነበሩ ከውሃው ሥር የቀሩት። የሚስቴ ወንድም ዕድሜውን ሙሉ የመንደሩን አሮጊቶች እየዞረ ስማቸውን ሲጠይቅ ኖሯል። ይህን ሥራውን እኔ የማውቀው ከሩቅ ነበር፤ ለእንግዳ አይነገርም። ሙዚየሙን ወታደሮቹ ጭነውት ሄደዋል። አሁን ያለው በእሱ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ስማቸውን ይነግረን ጀመር። እሱ ይላል፣ እኛ እንደግማለን። የመጀመሪያው ቤት፣ ባልና ሚስት፣ ልጆች። ሁለተኛው ቤት። አፉ ስለሚደርቅበት በየመሃሉ ይቆማል። የሚደርሰንን ውሃ አብዛኛውን ለሱ ተውንለት፤ አልበቃውም። የበሽታው ጥማት ነበር።

«እንዴት በቃልዎ ይይዛሉ?» አለኝ። ከትራክተር ነጂው ቀድሜ መድገሜ ገርሞት ነው።

«በልጅነቴ እስከ ሰባት ቤት ቁጠር እየተባልኩ ነው ያደግሁት» አልኩት። «በኛ አገር ሰው አያቶቹን ያውቃል።»

«ይቁጠሩልኝ እስቲ።»

ቆጠርኩለት። ዐይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ አገሬ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። በኛ ቋንቋ ያገር ልጅ «የወንዝ ልጅ» እንደሚባልም ነገርኩት። ቃሉን በአማርኛ እንድደግምለት ጠየቀኝና ራሱ ሞከረው። ምላሱ አልታዘዝ አለው። ትራክተር ነጂው ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

አንድ ቀን አለቃው ራሱ አስጠራኝ። ጨዋ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አስቀዳልኝ። ክፍሉ ውስጥ ካሜራ በሦስት እግሩ ቆሟል፤ አንድ ወጣት መብራት ያስተካክላል።

«ከእርስዎ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው» አለኝ። «አፍሪካዊ ነዎት። እዚህ አገር ሰዎች እንዴት እንደናቁዎት ይናገሩ። እኛ ከመጣን በኋላ እንደ ሰው እንደታዩ ይናገሩ። አጭር ነው።»

«መድኃኒቱስ?» አልኩ ወደ ቦርሳው እያየሁ።

«ሲናገሩ መድኃኒቱ ይወርዳል። እርስዎም ቤትዎ ይገባሉ።»

«ላስብበት» አልኩ።

«ያስቡበት። ሻይዎን ግን ይጠጡ።»

ጠጣሁት። ስኳር ነበረው። ከታች ያለው ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ እየፈለገ እኔ ጣፋጭ ሻይ ጠጣሁ።

ስመለስ የሚስቴ ወንድም ጋደም ብሎ ነበር። ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አሉዎት?»

ነገርኩት። ትራክተር ነጂው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ሰውን ብቻውን መተው የሚቻለው በዚያ መንገድ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ውሸት ነው?» አለኝ የሚስቴ ወንድም።

«ምኑ?»

«ናቁኝ ማለቱ። እኔ ንቄዎታለሁ። ቢናገሩ አልዋሹም።»

ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው የነበረውን ቃል ጨው ቤት ውስጥ አገኘሁት፤ ደስም አላለኝ።

«ይህን ለአንተ እናገራለሁ» አልኩት። «ለነሱ የምነግረው አይደለም። የቤት ጉዳይ ነው።»

አንተ ያልኩት ሳላስበው ነው። ካወጣሁት በኋላ ፈራሁ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ።

«በል ተናገረኛ» አለኝ። «ጊዜ አለን።»

ተናገርኩ። ብዙውን ነገር ረስቼዋለሁ፤ አንዱን ግን አልረሳም። ሙዚየሙ ውስጥ የፋብሪካው ሠራተኞች ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ከዳር የቆምኩት እኔ ነኝ። እሱ ሲሰቅለው ዳሩ ተቆርጧል፤ ትከሻዬ ብቻ ቀርቷል። ሚስቴ በየበዓሉ ወደዚያ ክፍል ስትገባ ያቺን ትከሻ ታያለች። ይህን ነገርኩት።

«ፎቶው ሰፊ ነበር» አለኝ። «ክፈፉ ጠበበ።»

ከግድግዳው ጨው በጥፍሩ ፋቀ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተናገረ።

«አይደለም። ክፈፉ ይበቃ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ትንፋሹ ተለወጠ። እንደ በሰበሰ ፍሬ፣ ጣፋጭ ሆኖ ይሸታል። እግሩ ላይ የነበረችው ትንሽ ቁስል አፏን ከፍታለች። ሲናገር ቃላቱ ይጎተታሉ፤ ስም ሲጠራ ከአንዱ ቤት ልጅ ወስዶ ሌላ ቤት ያስገባል። ስህተቱን እናውቀዋለን፣ አናርመውም። እንቅልፍ ሲወስደው ለትራክተር ነጂው «ልናገርላቸው ነው» አልኩት።

«የፈለጉትን ይበሉላቸው» አለኝ። «ማንም አይቀየምዎትም።»

እጄ እስኪደነዝዝ በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው መጣ። አዲስ ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም።

«ለአለቃህ ንገረው፤ እናገራለሁ።»

«አለቃው ሄዷል።»

«ባለ ካሜራውስ?»

«አብሮት ሄደ። ሌላ ቦታ ተፈለጉ።»

«እኔ ግን ዝግጁ ነኝ። የፈለጋችሁትን እላለሁ።»

«ለማን?» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም። የሚነገረው ሰው ስለሌለ ነው የጠየቀኝ።

«ጠረጴዛው ላይ ቦርሳ አለ» አልኩት። «የጨርቅ ነው። ፎጣ ውስጥ መድኃኒት አለበት።»

«የቱ ቦርሳ?» አለ። ዞር ብሎ ወደ ላይ ተመለከተ፤ እውነት ሊያይልኝ የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ ክፍተቷን ዘጋት።

እዚያው በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ልናገር ስል አልተፈለግሁም። አልናገርም ብልም የሚጎድልባቸው ነገር አልነበረም። ስወስን ያደርኩት ሁሉ ለማንም ምንም አልነበረም። የሚስቴ ወንድም ነቅቶ እያየኝ ነበር።

«ተው» አለኝ በዝግታ። «ና ተቀመጥ። ቅዝቃዜ ነው እዚያ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ተደበላልቆብኛል። እየተፈራረቅን ጭንቅላቱን ጭናችን ላይ እናደርጋለን። ጨርቅ አርሰን ከንፈሩን እናብሳለን። ሌላ ልናደርግለት የምንችለው ነገር አልነበረም፤ ያንኑ ደጋግመን አደረግን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወታደሮች በሩን ከፈቱት። «ሽማግሌው ወደ ከተማ ሆስፒታል ይሄዳል» አሉ። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ትራክተር ነጂውና እኔ ተያየን፤ ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ደግፈን አስቀመጥነው። ጫማውን አምጥቼ ላደርግለት ስል እግሩ አብጦ አልገባ አለ። ቀስ እያልኩ አስገባሁት። ማሰሪያ ግን የለውም፤ የሁላችንንም መጀመሪያ ቀን ወስደውታል። እንዲሁ ቢራመድ ጫማው እየወለቀ፣ እግሩን እየጎተተ ሊወጣ ነው። በመንደሩ ልጆች ፊት ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ነበር። የኮቴን ገበር ይዤ ሳብኩት፤ ተቀደደ። በረጅሙ ተረተርኩት።

«ቶሎ በል» አለ አንደኛው ወታደር።

«ጫማውን ሳላስርለት አይወጣም» አልኩት።

ድምፄ ከፍ አላለም። ለምን እንዳልጮኸብኝ፣ ለምን እንዳልገፋኝ አላውቅም። ቆመ። ጓደኛውም ቆመ። ተንበርክኬ ጨርቁን በየቀዳዳው አሾልኬ፣ በመስቀለኛ እያሳለፍኩ አሰርኩት። አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው ሄድኩ። የሚስቴ ወንድም እንዳይወድቅ እጁን ራሴ ላይ አስደግፎ ነበር። ወታደሮቹ ይጠብቃሉ።

«ዘመድህ ነው?» አለው አንደኛው፣ እኔን በአገጩ እያመለከተ።

«የእህቴ ባል ነው» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አጠበቅኸው» አለኝ።

አላላሁለት። ተነሳ። ሊደግፉት ሲሉ ክንዱን ወደ ራሱ ሰበሰበና ደረጃውን በራሱ እግር ወጣ። ጫማው አልወለቀም። በሩ ተዘጋ።

እኔና ትራክተር ነጂው ከሳምንታት በኋላ ተለቀቅን። ለምን እንደተያዝንም ለምን እንደተፈታንም የነገረን የለም። ሚስቴ የቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥላ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየች። ከተማው ሆስፒታል ድረስ ሄደን ጠየቅን። እንዲህ ያለ ሰው አልመጣም አሉን። ሌላ ሆስፒታል ጠየቅን። አልመጣም። ወታደሮቹን ጠየቅን። የዚያን ጊዜዎቹ ተቀይረዋል፤ አዲሶቹ አያውቁም።

ልጃችን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ለንደን ነበረች። እሷ ናት ያስመጣችን። አሁን የምንኖረው ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራየው የካውንስል ሕንፃ ውስጥ፣ አሳንሰሩ ሲበላሽ ሚስቴ በየፎቁ እያረፈች የምትወጣበት ቤት ነው። ልጄ አማርኛዋን ጥቂቱን ከእኔ፣ ብዙውን ከለንደን ጓደኞቿ ነው የለቀመችው።

«አባ፣ እንደገና አፕላይ አድርጌያለሁ» ትለኛለች ከሥራ ስትገባ፣ የጠፉ ሰዎችን ለሚፈልገው ድርጅት ማለቷ ነው። «ኬዙ ኦፕን ነው አሉኝ። በየሳምንቱ ቼክ አደርጋለሁ።»

«ጎበዝ» እላታለሁ።

እሑድ እሑድ እዚያው ለንደን፣ ሃርልስደን ወዳለች አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። አምልኮው ሳይሆን ቋንቋው ናፍቆኝ ነው የጀመርኩት። ወጣቶቹ የኔን አማርኛ ሲሰሙ ይስቃሉ፤ የአባቶቻቸው ነው። ባለፈው አንዲት ደግ ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ለምን ምስክርነት አይሰጡም? እግዚአብሔር ከዚያ ቦታ አውጥቶዎታል እኮ።»

«አውጥቶኛል» አልኳት።

«ታዲያ መድረኩ ላይ ይንገሩን። ብዙ ሰው ይጽናናል።»

«ሌላ ጊዜ፣ ልጄ» አልኳት። ማመስገኑ አይከብደኝም። ግን ለኔ ካመሰገንኩ ስለሱ ምን ልበል? ሁለታችንም አንድ ርብራብ ላይ ነበርን።

ይህን የጻፍኩት ስለዚህ ነው። ከመድረክ ወረቀት ይሻለኛል፤ ካልሆነልኝ እሰርዘዋለሁ። የታችኛውን ጎዳና ስሞችም ልጽፋቸው ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ተምታቱብኝ። ለትራክተር ነጂው ደወልኩለት፤ እሱም እኔ የያዝኳቸውን ነው የያዘው፤ የጠፉብኝ ከሱም ጠፍተዋል።

ሚስቴ አማርኛ አታነብም። ትናንት ሻይ ይዘን ወጥ ቤት ተቀምጠን፣ የጻፍኩትን በራሷ ቋንቋ እየመለስኩ አነበብኩላት። ከውጭ የሆሎዌይ ሮድ አውቶቡሶች ድምፅ ይሰማል። ገና ከመጀመሪያው አስቆመችኝ።

«ምን አልክ?»

«ወንድሜ ... ወንድምሽ የታሪክ መምህር ነበር።»

«ነበር?»

«አማርኛ ላይ የሆነ ነገር ሲተረክ እንዲህ ነው» አልኳት።

«ሬሳውን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ያየ ሰው አግኝተሃል?»

«አላገኘሁም።»

«እንግዲያው አስተካክለው» አለችኝ። ሻይዋን አነሳች። «ያላየኸውን አትጻፍ።»

ሁሉንም ላስተካክል ብሞክር ነገሩ ተበላሸብኝ። ጨው ቤቱ ያለፈ ነው፤ ጫማው ያለፈ ነው፤ እሱን ብቻ ለይቼ ማውጣት አልሆነልኝም። ይህን የመጨረሻውን ግን እሷ እንዳለችው ጽፌዋለሁ።

የሚስቴ ወንድም የታሪክ መምህር ነው። ረጅም ነው፤ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ነው። የስኳር በሽታ አለበት። ኢንሱሊኑን በሰዓቱ መውሰድ አለበት።